የኢትዮጵያውያን ስምና ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝኛ ጆርናል የዋቢ ዝርዝር ውስጥ እንዴት ይጻፋሉ?

ጠያቂ፦ አጥኚ ከባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በአንድ ወረዳ እንዴት እንደተፈጸመ የሚመረምር ጽሑፍ አዘጋጅቼ በእንግሊዝኛ ለሚታተም አንድ የታሪክ ጆርናል ልኬ ነበር። ገምጋሚዎቹ በይዘቱ ላይ የሰጡት አስተያየት መልካም ነው፤ አርታኢው ግን «የዋቢ ዝርዝሩ ወጥነት ይጎድለዋል፤ በቺካጎ የደራሲና ዓመት ሥርዓት ተስተካክሎ ይላክልን» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር መልሶልኛል። መመሪያቸውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምሳሌዎቹ ሁሉ የቤተሰብ ስም ባላቸው አውሮፓውያን ደራስያን ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ለእኔ ጥያቄ መልስ አላገኘሁበትም።

ችግሩን በአንድ ምንጭ ላሳይ። ስለ ቀድሞው የመሬት ሥሪት ስጽፍ የብላቴን ጌታ ማሕተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የመጽሐፉን መዝገብ ከኢንተርኔት ዞተሮ ወደሚባለው የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር ሳስገባው የስሙ የመጨረሻ ቃል በቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ ስለገባ፣ በዝርዝሩ ላይ «መስቀል፣ ማሕተመ ሥላሴ ወልደ» ተብሎ ወጥቷል፤ በጽሑፉ ውስጥም «መስቀል 1942» የሚል ማጣቀሻ ተቀምጧል። መስቀል የሚባል ሰው በጎርጎርዮስ 1942 የጻፈው መጽሐፍ አለ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር የሚፈረድበት አይመስለኝም። በኤፒኤ ሥርዓት ሳወጣው ደግሞ የባሰ ሆኖ «መስቀል፣ ማ. ሥ. ወ.» ይላል።

ከስሙ ሌላ የሚያስቸግረኝ ዓመቱ ነው። አዋጁ በአማርኛ ቁጥር 31/1967፣ በእንግሊዝኛ ቁጥር 31/1975 ተብሎ ይጠራል፤ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ የወሰድኳቸው ዜናዎችም ቀናቸው በእኛ አቆጣጠር ነው። እንዲሁም በቃል መረጃ የሰጡኝን አዛውንት ገበሬዎች የት ላስፍራቸው? በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ባለ ውለታ ታደርጉኛላችሁ።

መልስ፦ ካታሎግ ክፍል

እኔ የምሠራው በቤተ መጻሕፍት ስለሆነ ስለ ስሙ ልመልስ፤ የቀረውን ለሌሎች እተወዋለሁ።

በመጀመሪያ አርታኢውን የሚጠይቁት ልዩ አስተያየት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ባሕሩ ዘውዴን የሚመዘግበው «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ፣ ታደሰ ታምራትን የሚመዘግበው «ታደሰ ታምራት» ብሎ ነው፤ ሳይገለብጥ፣ ነጠላ ሰረዝም ሳያስገባ። በሐምቡርግ የሚታተመው ኤቲዮፒካ ጆርናልም ሆነ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ5 ቅጾች የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የሚከተሉት አሠራር ይኸው ነው። በዋቢ ዝርዝር ላይ ከመጀመሪያው ስም በኋላ የምትገባው ሰረዝ «ይህ ስም ተገልብጧል፤ ሲነበብ መልሰህ አዙረው» የምትል ምልክት ናት። ያልተገለበጠ ስም ሰረዝ አያስፈልገውም። ስለዚህ «ባሕሩ፣ ዘውዴ» ብሎ መጻፍም ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው ስሙን ሳይገለብጥ ሰረዟን ብቻ እያስገባ የሚያበላሸው በዚህ ቦታ ነው።

የጽሑፉ ውስጥ ማጣቀሻ ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል። አንዳንዶቹ «ባሕሩ 1991» ብለው በራስ ስም ብቻ ይጠቅሳሉ፤ ሌሎቹ «ባሕሩ ዘውዴ 1991» ብለው ሙሉውን ይጽፋሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በአንድ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሦስት ታደሰና አራት ተስፋዬ መገኘቱ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ የአባት ስም ካልታከለበት አንባቢው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዓመቱን ብቻ ይዞ ይፈልጋል። ፈጽሞ የማይሆነው በአባት ስም ብቻ መጥቀስ ነው። «ዘውዴ እንደሚሉት» ተብሎ ሲጻፍ ተጠቃሹ መጽሐፉን ያልጻፉት አባት ይሆናሉ።

«ማሕተመ ሥላሴ» አንድ ስም ነው፤ «ወልደ መስቀል» ሌላ አንድ ስም ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ በመሳሰሉት የሚጀምሩ ጥምር ስሞች ለሁለት አይከፈሉም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉም የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ወደ ምሕጻር አይወርድም። «ብላቴን ጌታ» ማዕረግ ስለሆነ ከዋቢ ዝርዝሩ ይወጣል፤ በሐተታው ውስጥ ግን ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠሩ ቢያስገቡት ተገቢ ነው። «አለቃ»፣ «ደጃዝማች» እና «ዶክተር»ም እንዲሁ።

በላቲን ፊደል አጻጻፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደራሲው በእንግሊዝኛ ያሳተመው ሥራ ካለ ራሱ የመረጠውን የስም አጻጻፍ ይከተሉ፤ ሳይንሳዊ ነው በሚል ምክንያት ነጥብና ጭረት አይጨምሩበት። በአማርኛ ብቻ ለጻፉት ግን አንዱን ሥርዓት መርጠው እስከ መጨረሻው ይጽኑ። የኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካው ሥርዓት ግዕዙን በኤ ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ ራብዑን በተራ ኤ ይጽፋል፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍቱ ሰንጠረዥ ግዕዙን በተራ ኤ፣ ራብዑን በላዩ አግድም ጭረት ባለበት ኤ ይጽፋል። እነዚህን ሁለቱን ካደባለቁ ተራው ኤ በአንዱ መሥመር ግዕዝ፣ በሌላው ራብዕ ይሆናል፤ አርታኢው «ወጥነት ይጎድለዋል» ያለው ይህን አይቶ ቢሆን አይደንቀኝም።

መልስ፦ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ለታሪክና ለቋንቋ ጥናት የሚሠራ ይመስለኛል፤ ለሁሉም ምንጭ ይሠራል ብዬ ግን አላምንም። በእኛ ሙያ የምንጠቀመው የቫንኩቨር ሥርዓት ነው፤ የደራሲው ስም የሚቀመጠው የአባት ስም ቀድሞ፣ የራስ ስም ወደ አንድ ፊደል ተቀንሶ ነው። ጽሑፉ ሲታተም በመረጃ ቋት ውስጥ የተመዘገበው በዚያ መልክ ስለሆነ፣ እኔ ተነሥቼ ላቃናው ብል አሳታሚው ማጣቀሻዬን ከዲኦአይ ቁጥሩ፣ ማለትም ከጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ ጋር ማገናኘት ሊቸገር ይችላል፤ የተጠቃሹም ባለሙያ የጥቅስ ቆጠራ ይበታተናል። በጉዳዩ ላይ ያለኝን ቅሬታ አልደብቅም፤ አንድ ሰው በአንድ ጆርናል በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ተመዝግቦ እንደ ሁለት ሰው ሲቆጠር አይቻለሁ። ለዚህ መፍትሔው ግን ጠቃሹ ስሙን እንደ ገዛ ፍላጎቱ መቀየሩ አይደለም። ደራሲው ራሱ ከመጀመሪያ ጽሑፉ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ይዞ፣ 16 አኃዝ ያለውን የኦርሲድ መለያ ቁጥር አውጥቶ ቢገለገል ይሻላል።

ጠያቂው ከታሪክ ምንጮች ሌላ የኢኮኖሚክስ ወይም የግብርና ጆርናል ጽሑፎችን የጠቀሱ ከሆነ እነዚህን ምን ሊያደርጉ ነው? በግማሹ ዝርዝር የራስ ስም፣ በግማሹ የአባት ስም እየቀደመ ሊሄድ ነውን?

መልስ፦ ካታሎግ ክፍል

ጥያቄው ተገቢ ነው። የጆርናል ጽሑፎችን በተመለከተ የጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ ከፍቶ የደራሲውን ሙሉ ስም ማየት ይቻላል፤ በአብዛኛው «አልማዝ ደስታ» ተብሎ በተፈጥሮ ቅደም ተከተሉ ተጽፎ ይገኛል፤ ስሙን የገለበጠው የመረጃ ቋቱ ነው። ቺካጎ ሙሉ ስም የሚጽፍ ሥርዓት ስለሆነ ይህን መልሶ ማቃናት አይከብድም፤ ዲኦአዩ በመጨረሻ ላይ እስከተጻፈ ድረስ አንባቢው ጽሑፉን ከማግኘት የሚከለክለው ነገር አይኖርም። በቫንኩቨር ለሚጽፍ ሰው ግን የእርስዎን ምክር እደግፋለሁ፤ የሕክምና ጆርናል ዋቢዎች በቁጥር ስለሚደረደሩ የስም ቅደም ተከተል እዚያ ያን ያህል ክብደት የለውም።

ልለየው የሚገባኝ አንድ ወገን አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ፣ የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው በሕግ የያዙና በዚያው የሚያሳትሙ ኢትዮጵያውያን ደራስያን አሉ። እነዚህ ራሳቸውን እንደቤተሰብ ስም ባለቤት ካስተዋወቁ እንደ ፍላጎታቸው ይገለበጡ።

መልስ፦ የቀድሞ አርታኢ

ለጥቂት ዓመታት የአንድ ጆርናል ረቂቆችን ሳርም ስለነበር ስለ ዓመቱና ስለ ሕጎቹ የማውቀውን ልናገር።

ዋናው ደንብ በርዕስ ገጹ ላይ የታተመውን ዓመት አስቀድሞ ጽፎ የጎርጎርዮሱን አቻ በማዕዘን ቅንፍ ማስከተል ነው። «ዝክረ ነገር» በመጀመሪያ የታተመው በ1942 ዓ.ም. ስለሆነ «1942 ዓ.ም. [1949/50]» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለተኛውን እትም የተጠቀሙ ከሆነ «1962 ዓ.ም. [1969/70]» ይሆናል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ «ዓ.ም.» የሚለውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በሚገልጸው የተለመደ የሁለት ፊደል ምሕጻር ይተኩታል። የእኛ አንድ ዓመት በእነሱ ሁለት ዓመታት ላይ የሚያርፍ ስለሆነ፣ የታተመበትን ወር ሳያውቁ «1950» ብሎ በአንዱ መወሰን ግምት ነው። ወሩ ሲታወቅ ብቻ በአንድ ዓመት ይወሰናል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። አዋጁ የታወጀበት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እንግዲህ ማርች 4 ቀን 1975 ነው።

አቻውን ብቻ ጽፎ የታተመውን ዓመት መተውን የሚመርጡ አሉ፤ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን አንባቢው መጽሐፉን በመደርደሪያ ላይ ሲያገኘው የሚያየው 1942ን ስለሆነ ሌላ መጽሐፍ የያዘ ይመስለዋል። የታተመውን ብቻ ጽፎ አቻውን መተው ደግሞ የባሰ ጥፋት ያስከትላል። ጎርጎርዮስ 1942 ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት በተመለሱ ማግስት ያለው ዓመት ነው፤ የውጭ አገር አንባቢ መጽሐፉ በዚያ ግርግር ውስጥ የተዘጋጀ መስሎት ከዚያ ተነሥቶ ሊተረጉመው ይችላል።

በአዋጆች ላይ ይህ አደጋ ይበረታል። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የሚታተም በመሆኑ አማርኛው ዓምድ በአማርኛው፣ እንግሊዝኛው ዓምድ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ዓመቱን ይሰጣል። ሁለቱም የሕጉ ትክክለኛ መጠሪያዎች ናቸው፤ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እና 1156/2019 አንድ ሕግ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የእንግሊዝኛውን መጠሪያ ይዞ መሄድ አለበት። የእንግሊዝኛውን ርዕስ ከአማርኛው ቁጥር ጋር አጋጥመው «31/1967» ብለው ከጻፉ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ የመሬት አዋጅ ያወጁ ያስመስላሉ፤ የጽሑፍዎ መከራከሪያ ሁሉ በደርግ ዘመን ላይ ቆሞ ሳለ ማጣቀሻው ወደ ሌላ ሥርዓት ይወስደዋል። አማርኛውን መጠሪያ በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ አንድ ጊዜ ይጥቀሱት፤ ይበቃል። ከአዋጁ ርዕስና ቁጥር በተጨማሪ ጋዜጣው ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነና የዕትሙን ቁጥር ይጻፉ፤ ሁለቱም በጋዜጣው የፊት ገጽ አናት ላይ ይገኛሉ። ቺካጎ ሕጎች በአብዛኛው በግርጌ ማስታወሻ ብቻ እንዲጠቀሱ ስለሚመክር፣ ከዋቢ ዝርዝሩ ቢያስወጧቸው የሚቃወምዎ አርታኢ ያለ አይመስለኝም።

ስለ አሳታሚ ጥቂት ልበል። የብዙ አማርኛ መጻሕፍት የርዕስ ገጽ አሳታሚ አይጠቅስም፤ የሚጠቅሰው «ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት» ወይም ሌላ ማተሚያ ቤት ነው፤ ያሳተመው ደራሲው በራሱ ገንዘብ ነው። ማተሚያ ቤቱን በአሳታሚ ቦታ መጻፍ በጥብቅ ሲታይ ልክ ባይሆንም፣ የእትሙን ማንነት የሚለየው እሱ ብቻ ስለሆነ እኔ እንዲቆይ አደርግ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 18ኛው የቺካጎ እትም ከ1900 ወዲህ ለታተሙ መጻሕፍት የኅትመት ከተማን መጻፍ ግዴታ መሆኑን አስቀርቷል። ጆርናሉ በ17ኛው ወይስ በ18ኛው እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ በ18ኛው ቢሆን እንኳ አሳታሚ ለሌላቸው መጻሕፍት «አዲስ አበባ»ን እንዲተውልዎ ይለምኑ፤ አለዚያ ከርዕሱ በኋላ ባዶ ይቀራል። የአማርኛ ርዕሶችን በላቲን ፊደል ጽፈው ትርጉማቸውን በማዕዘን ቅንፍ ያስከትሉ፤ ከመጀመሪያው ቃልና ከተጸውዖ ስሞች በቀር ትልቅ ፊደል አያስፈልጋቸውም።

የአዲስ ዘመን ዜናዎች ሙሉ ቀናቸው ስለሚታወቅ ሁለቱንም ቀን መስጠት ቀላል ነው። የቃል መረጃ ሰጪዎችን ቺካጎ ከዋቢ ዝርዝር ውጭ ያደርጋቸዋል፤ የእኛ አገር የታሪክ ጥናት ልማድ ግን በጽሑፉ መጨረሻ ለብቻቸው ዘርዝሮ ዕድሜያቸውን፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቦታና ቀን መስጠት ነው፤ ይህ መልካም ልማድ ስለሆነ እንዳይተዉት። ስለ መሬት ክርክር የተናገሩ ሰዎች ግን ስማቸው እንዲወጣ መፍቀዳቸውን ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ጉዳይ ዛሬም ፍርድ ቤት ያለ ነው።

ጠያቂ፦ አጥኚ ከባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስሙም የዓመቱም ደንብ ገብቶኛል። አሁን የቀረኝ ሶፍትዌሩን ማሳመን ነው፤ በእጄ ያስተካከልኩትን ሁሉ ዞተሮ በሚቀጥለው ማደስ ላይ ወደነበረበት እየመለሰው ተቸግሬአለሁ።

መልስ፦ ዞተሮ ተጠቃሚ

በዎርድ ሰነዱ ላይ የሚያስተካክሉትን ሁሉ ዞተሮ ይሽረዋል፤ ማረም ያለብዎት በዞተሮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን መዝገብ ነው። በደራሲው ስም መሥመር ላይ ለቤተሰብ ስምና ለራስ ስም የተለዩ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ከጎናቸው ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። ይህ የተሠራው ለመሥሪያ ቤቶች ስም ነበር፤ ለእኛ ስም ግን ልክክ ይላል። «ማሕተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል» ብለው በአንዱ ሳጥን ካስገቡት በዝርዝሩም በማጣቀሻውም ሙሉውን ሳይገለብጥና ሳያሳጥር ይጽፈዋል፤ በፊደል ተራም በማሕተመ ይሰለፋል። በኤንድኖት የሚሠራ ሰው ከሙሉ ስሙ በኋላ አንድ ነጠላ ሰረዝ ቢያስገባ፣ በቢብቴክ የሚሠራ ደግሞ ስሙን በድርብ የጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ቢያስቀምጥ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል።

በጽሑፉ መካከል «ባሕሩ ዘውዴ እንዳሳዩት» ብለው ስሙን በራስዎ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ካስገቡ፣ ማጣቀሻውን ሲያስገቡ ደራሲውን የሚያስቀረውን አማራጭ ይምረጡ፤ ዓመቱ ብቻ ይወጣል። የቋንቋ ሳጥኑን ባዶ አይተዉት። የአማርኛን ኮድ ካልጻፉበት ዞተሮ ርዕሱን እንግሊዝኛ መስሎት እያንዳንዱን ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምረዋል። የአማርኛውን ርዕስ በፊደላችን እንደታተመ «ተጨማሪ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጡት ወደፊት በአማርኛ ሲጽፉ ያገለግልዎታል።

ዓመቱ ላይ ግን ሶፍትዌሩ አይታመንም። «1942 ዓ.ም. [1949/50]» ብለው ቢያስገቡ ከመካከሉ አንዱን ዓመት መርጦ ሌላውን ሊጥለው ይችላል። እኔ የማደርገው በዓመት ሳጥኑ ውስጥ የታተመውን ዓመት ብቻ አስገብቼ፣ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ የሰነዱን ቅጂ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ በቅጂው ላይ ማጣቀሻዎቹን ከዞተሮ የሚያላቅቀውን ትእዛዝ ሰጥቼ ቅንፎቹን በእጄ እጨምራለሁ። አንዴ ከተላቀቀ መልሶ ስለማይያያዝ የመጀመሪያውን ሰነድ እንዳያጠፉት።

መልስ፦ የቀድሞ አርታኢ

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ አርታኢው አሠራርዎን ሳያውቅ እንዳያፈርሰው በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ ላይ እንዲህ የሚል ሐሳብ በእንግሊዝኛ ያስገቡ፦ «በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በራስ ስም ተጀምሮ በአባት ስም ይከተላል፤ ቅደም ተከተሉ አልተገለበጠም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተሙ ሥራዎች ዓመት በርዕስ ገጻቸው እንዳለ ቀርቦ የጎርጎርዮሱ አቻ በማዕዘን ቅንፍ ተጨምሯል።» ይህንኑ ጽሑፉን መልሰው ሲልኩ በሚያያይዙት ደብዳቤም ይድገሙት፤ የግርጌ ማስታወሻውን የሚያነበው አርታኢው ቢሆንም ገጹን የሚያቀናብሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ሰረዝ የሌለበት ስም ሲያዩ ተረስቶ የቀረ መስሏቸው በቅንነት ይገለብጡታል። የመጨረሻው የማረሚያ ገጽ ሲደርስዎ ስለዚህ ከሐተታው አስቀድመው የዋቢ ዝርዝሩን ይክፈቱና «ማሕተመ» ከሚጀምርበት ፊደል ሥር መኖሩን ይመልከቱ።